ወረቀቱ ብቻውን ሲጓዝ፦ የተውኔትና የፊልም ጽሑፍ ገጽ በአገራችን

በሐዋሳው ባህል አዳራሽ ዛሬ ማታ አንድ ተውኔት ለእይታ ይቀርባል እንበል። መብራት የሚቆጣጠረው ሰው የመጀመሪያው ትዕይንት በማለዳ መሆኑን ማወቅ አለበት። ተዋናይቷ ደብዳቤውን ጮክ ብላ ታንብበው ወይስ በልቧ? በሩ የሚንኳኳው ከንግግሯ በፊት ነው ወይስ ቃሏ ሳያልቅ? ደራሲው በቦታው የለም። ሁሉም የሚጠይቀው በአዘጋጁ እጅ ያለውን ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ዝም ካለ እያንዳንዱ በየግምቱ ይሄዳል፤ ተመልካችም ግምቶቹ እርስ በርስ ሲጋጩ አይቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህ በመድረኩ በኩል ነው። በደራሲው በኩል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሐዋሳ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ሥራውን ለአዲስ አበባ ቴአትር ቤት ወይም ለፊልም አምራች ሲልክ፣ 275 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው ወረቀቱ ብቻውን ነው። አዲስ አበባ የሚኖረው ደራሲ ጽሑፉ ግልጽ ባይሆን እንኳ ቡና እየጠጣ ሊያስረዳ፣ ወዳጅ ሊያማልድ ይችላል። የሩቁ ሰው አማላጁ ገጹ ነው። ስለ ኅዳግ ስፋትና ስለ ስም አቀማመጥ ሲነሳ ፊታቸውን የሚያጨማድዱ፣ ነገሩን ሁሉ የታይፒስት ሥራ አድርገው የሚያዩ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ነገሩ የፍትሕ ጉዳይ ነው እላለሁ፤ ታሪኩም ከምናስበው በላይ ሩቅ ነው።

ለብዙ ተናጋሪዎች የተጻፈ፣ ማን መቼ ምን እንደሚል በገጹ ላይ የሚያሳይ ጽሑፍ ወደ አገራችን ከአውሮፓ ቴአትር ጋር የገባ የሚመስለው ሰው መጽሐፈ ቅዳሴን ይግለጥ። «ይ.ካ.» ይላል፤ ይበል ካህን። «ይ.ዲ.»፤ ይበል ዲያቆን። «ይ.ሕ.»፤ ይበል ሕዝብ። ሁለት ሆሄ ብቻ፣ በቀይ ቀለም፣ ከንግግሩ ፊት። ካህኑ ቆሞ እየቀደሰ ዓይኑን ወደ ገጹ ጣል ሲያደርግ ተራው የማን እንደሆነ ለማወቅ ማንበብ እንኳ አያስፈልገውም፤ ቀለሙ ይነግረዋል። የሚባለው በጥቁር፣ የሚደረገውና ባለቤቱ በቀይ። አንድ የፊልም ጽሑፍ አስተማሪ ይህን ሥርዓት ቢያይ የሚጨምርበት ብዙ አይኖረውም።

ድጓውም እንዲሁ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት የሚነገርለት ምልክት ከቃሉ ራስ ላይ በደቃቅ ፊደል ይሰፍራል፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። እነዚህ ቃሉ ምን እንደሆነ አይናገሩም፤ እንዴት እንደሚባል ይናገራሉ። በዛሬው ቋንቋ ለተዋናይ የተሰጠ ማሳሰቢያ ናቸው፤ ለዚያውም ከንግግሩ ጋር ሳይደባለቁ፣ በመስመርና በመስመር መካከል በተተወላቸው ቦታ ላይ። ቁም ጸሐፊው ጥቁሩን ጽፎ ለቀዩ ቦታ ይተው ነበርና፣ ቀዩ ሳይገባ የቀረባቸው ብራናዎች ዛሬም ይገኛሉ። በቃሉ መካከል ክፍት ቦታ ይታያል፤ የቅዱሱ ስም ሊጻፍበት የነበረ ቦታ ነው። እንዲህ ያለውን ብራና ያየ ሰው የገጽ ሥርዓት ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ ሌላ አስረጂ አያሻውም።

ዘመናዊው ተውኔት ሲጀመር ግን ይህ ሁሉ ሀብት ቤተ ክርስቲያን ቀረ። ፊታውራሪ (በጅሮንድም ይባሉ ነበር) ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከሩሲያ ተምረው ተመልሰው በ1910ዎቹ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ሲያዘጋጁ ሐሳቡም፣ ቃሉም፣ ዝግጅቱም የእርሳቸው ነበር። ተውኔቱ በቴራስ ሆቴል ታየ፤ አውሬዎቹ ማንን እንደሚመስሉ የገባቸው መኳንንት ተቆጡ፤ በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ታገደ። ከእርሳቸው በኋላ የተነሣው ዮፍታሔ ንጉሤም መምህር ነበር፤ ከቅኔ ቤት የወጣ፣ ለተማሪዎቹ የሚጽፍ፣ ዜማውን ራሱ የሚያወጣ። ለእንዲህ ዓይነቱ ደራሲ ገጹ ማስታወሻ ቢሆን ይበቃዋል። ተዋናዩ ካልገባው ዘወር ብሎ ይጠይቀዋል። የጎደለውን ሁሉ ደራሲው በአንደበቱ ይሞላዋል።

ችግሩ ደራሲው ሲሞት ነው። ወይም ሲታሰር፣ ሲሰደድ፣ ወይም እንዲያው ሌላ ከተማ ሲኖር።

በ1927 የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ኋላ ቴአትር ቤት ሲሆን፣ በ1948 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ) ሲከፈት፣ በ1957 ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሲጨመር፣ ደራሲና አዘጋጅ ሁለት ሰው እየሆኑ መጡ። በመካከላቸው ገምጋሚ ኮሚቴ ገባ፤ ከገምጋሚው ጎን ሳንሱር ተቀመጠ። ጽሑፍ በብዙ ቅጂ መቅረብ ግድ ሆነ። የጽሕፈት መኪናም በዚህ መካከል ትልቅ ሥራ ሠራች።

ከሁለት መቶ በላይ የሆነውን ፊደላችንን ለእንግሊዝኛ በተሠራ መኪና ላይ ማስፈር ቀላል አልነበረም። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ቀደምት ሰዎች የፊደሉን አካል ከቅጥያው እየለዩ፣ እግሩንና ቀለበቱን ለብቻ እየመቱ እንዲገጣጠም በማድረግ ተወጡት። የመኪናዋ ሪባን ብዙ ጊዜ ሁለት ቀለም ነበረው፤ ከላይ ጥቁር፣ ከታች ቀይ። እንግዲህ የቁም ጸሐፊው ቀይ ቀለም ወደ ተውኔቱ ገጽ የሚመለስበት በር ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ካርቦን ቀይና ጥቁርን አይለይም፤ ስቴንስልም አይለይም። አሥር ቅጂ የሚፈልግ ቴአትር ቤት አሥሩንም በአንድ ቀለም ያገኛል። ስለዚህ ታይፒስቶች ቀዩን ትተው ባላቸው ነገር ተጠቀሙ፦ የገጸ ባሕርዩ ስም በግራ ኅዳግ፣ ከሥሩ መስመር፣ ከፊቱ ሁለት ነጥብና ሰረዝ፤ የሚደረገው ነገር በቅንፍ። ዛሬ በታተሙ የአማርኛ ተውኔቶች ሁሉ የምናየው ገጽ ይህ ነው። ማንም በጉባኤ አልወሰነውም፤ መኪናዋና ካርቦኑ ወሰኑት።

ይህ ገጽ ለመድረክ መጥፎ አልነበረም። መንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ»ን ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1970 ለንደን ላይ ሲታተምለት፣ ሥራው አዲስ አበባን ረግጠው ለማያውቁ አንባቢዎች ያለ አስረጂ ቀረበ። ወረቀት ብቻውን መጓዝ ይችላል፤ ማስተማር ያለበት የሚጽፈው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሐዋሳ አካባቢ እንመለስ፤ ከከተማዋ በስተደቡብ፣ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ይርጋለም አለች። ሐዋሳ ሳትገን በፊት የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ደበበ ሰይፉ በ1942 የተወለደው እዚያ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በግጥሙ፣ በ«የብርሃን ፍቅር» ነው። ተውኔት ለሚጽፍ ሰው ግን ከዚያ የማያንስ ባለውለታ የሆነው በ1973 በታተመው «የቴአትር ጥበብ ከጸሐፌ ተውኔቱ አንጻር» ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሥራ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ ተማሪው በራሱ ቋንቋ የሚያነበው ነገር እምብዛም ባልነበረበት ጊዜ የወጣ መጽሐፍ ነው። ዛሬ ያለ ሐሳብ የምንጠቀምባቸው «ገጸ ባሕርይ»ና «መቼት»ን የመሰሉ ቃላት ከስሙ ጋር ተያይዘው ይነሣሉ።

«መቼት» የሚለውን ቃል ልብ ብለን እንየው። መቼ እና የት። ሁለት ጥያቄ በአንድ ቃል ተሰፍቷል። የፊልም ጽሑፍ በዓለም ሁሉ እያንዳንዱን ትዕይንት የሚከፍተው ይህንኑ በሚመልስ አንድ መስመር ነው፦ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ፣ ቦታው የት ነው፣ ቀን ነው ወይስ ሌሊት። ፈረንጆቹ ለዚህ መስመር ያላቸው ስም እንደ እኛው ጥርት ያለ አይመስለኝም። የይርጋለሙ ልጅ ቃሉን ሲያወርሰን ስለ ፊልም ገጽ እያሰበ አልነበረም ይሆናል፤ ቃሉ ግን ልክ ለዚያ የተሰፋ ያህል ነው።

ያ የፊልም ገጽ ከየት መጣ ቢባል ከፋብሪካ መጣ ነው መልሱ። እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ቶማስ ኢንስ የተባለው አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ ብዙ ፊልም በአንድ ጊዜ ማምረት ሲጀምር፣ እርሱ በሌለበት ሌላው ዳይሬክተር የታዘዘውን ብቻ እንዲቀርጽ ዝርዝር ጽሑፍ አስፈለገው፤ ትዕይንቱ በቁጥር፣ ቦታው በስም፣ የሚያስፈልገው ዕቃ ተለይቶ። የዛሬው መልክ የተስተካከለው ቀስ በቀስ፣ በስቱዲዮዎቹ ታይፒስቶች እጅ ነው። በግራ በኩል አንድ ኢንች ተኩል ይተዋል፤ ወረቀቱ ተበስቶ የሚታሰርበት ነው። የተናጋሪው ስም ወደ መሐል ገባ ብሎ፣ በካፒታል ሆሄ፤ ንግግሩ ከሥሩ በጠባብ ዐምድ። የፊደሉ ዓይነት ኩሪየር፣ መጠኑ 12፤ በአንድ ኢንች 10 ሆሄ፣ ቁመቱ በኢንች 6 መስመር። እያንዳንዱ ሆሄ እኩል ስፋት ስላለው፣ ጠባቧም ሰፊዋም አንድ ቦታ ስለሚይዙ፣ ገጽ ሁሉ አንድ ያህል ይሸከማል። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ነው የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። አምራቹ ገጹን ስምንት ቦታ ከፍሎ «ይህ ትዕይንት ሦስት ስምንተኛ ገጽ ነው» እያለ የቀኑን ሥራ ያቅዳል፤ ገንዘቡንም በዚያው ይለካል። እንግዲህ ኅዳግ ያጠበበ ጸሐፊ ሳያውቀው የሌላውን ሰው ሚዛን አበላሽቷል።

ይህ ሚዛን ወደ አማርኛ ሲመጣ ሦስት ቦታ ይሰበራል፤ ስለዚህ ነገር ብዙም ሲጻፍ አላየሁም።

ፊደላችን ካፒታል የለውም። በእንግሊዝኛው ገጽ የስምና የንግግር፣ የመቼትና የድርጊት ልዩነት የሚታወቀው በአብዛኛው በካፒታል ነው። ለእኛ «አልማዝ» መጀመሪያም መጨረሻም ያው «አልማዝ» ናት። እዚያው ሐዋሳ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከሚጽፉ ሁለት ወጣቶች በሲዳምኛ የሚጽፈው ካፒታል አለው፤ ሲዳምኛ ከ1980ዎቹ ወዲህ በላቲን ፊደል ይጻፋልና። በአማርኛ የሚጽፈው የለውም። የአንዱን ገጽ ለሌላው እንዳለ መስጠት አይቻልም።

ኩሪየርም የግዕዝ ፊደል የለውም። ጸሐፊው ኩሪየርን መርጦ አማርኛ ሲጽፍ ኮምፒዩተሩ ሳይነግረው ኒያላን ወይም ኤብሪማን ወይም ሌላ ያገኘውን ይተካበታል። «ጭ» እና «ነ» እኩል ስፋት መያዛቸው ይቀራል።

ሦስተኛው ደቂቃው ነው። አንዱ ፊደላችን ተነባቢንም አናባቢንም ይዞ ይቆማል። «ይነግርሃል» ስድስት ፊደል ነው፤ በላቲን ሆሄ ቢጻፍ አሥር ይደርሳል። ፊደላችን ሰፋ ቢልም፣ በአንድ ገጽ የሚሰፍረው ንግግር ከእንግሊዝኛው ልኬት ጋር አይገጥምም። «ጽሑፌ 90 ገጽ ነው፤ ፊልሙ 90 ደቂቃ ይሆናል» የሚል የአማርኛ ጸሐፊ በማያውቀው ሰዓት እየቆጠረ ነው።

ይህ ሁሉ ለመጀመሪያዎቹ ፊልሞቻችን ብዙም አላሳሰበም። በ1957 «ሂሩት አባቷ ማነው» ሲሠራ ወይም በደርግ ዘመን የፊልም ኮርፖሬሽን ሲቋቋም የሚሠሩት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ተጠራርተው ይነጋገራሉ። በ1990ዎቹ የቪዲዮ ካሜራ ረክሶ ሲኒማ ቤቶቹ በአማርኛ ፊልም ሲጨናነቁ ግን ጸሐፊው በዛ፤ አብዛኛውም ከቴአትር የመጣ ስለነበር የመድረኩን ገጽ ይዞ መጣ። በመድረኩ ገጽ ንግግር ይገዛል፤ ድርጊት በቅንፍ ውስጥ ተጨብጦ ይቀመጣል። የዚያን ዘመን ፊልሞች ሶፋ ላይ ተቀምጦ ማውራት ያበዛሉ እየተባሉ ሲተቹ፣ ከጥፋቱ ጥቂቱ የበጀት፣ ጥቂቱም የገጹ ይመስለኛል። ቅንፍ ውስጥ የተጻፈን ነገር ማንም ዋና አድርጎ አይቀርጸውም።

ኮምፒዩተሩም የራሱን ፈተና ጨመረ። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በአገራችን ቢሮዎች ሥር እስኪሰድ ግን ዓመታት ወሰደ። እስከዚያው ፓወር ግዕዝም ቪዥዋል ግዕዝም የየራሳቸው አቆጣጠር ነበራቸው። በአንዱ ተጽፎ የተላከ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የላቲን ሆሄና የነጥብ ክምር ሆኖ ይወጣ ነበር። ስንት ትዕይንት እንዲሁ ሳይነበብ እንደቀረ ማን ያውቃል።

በዚሁ ዘመን ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008፣ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞቹን ልዩ ሽልማት ሲያገኝ፣ ከጎኑ የምርጥ ፊልም ጽሑፍ ሽልማትም ተሰጠው። ዜናው ሲነገር ብዙዎቻችን ስለ ዳይሬክተሩ አወራን፤ ስለ ጽሑፉ ያወራ ጥቂት ነው። ኃይሌ የጸሐፌ ተውኔቱና የታሪክ ጸሐፊው የገሪማ ታፈረ ልጅ ነው፤ የአባቱን መድረክም፣ የአሜሪካኑን የፊልም ትምህርት ቤትም ያውቃል። የእኛ ታሪክ በጽሑፍነቱ በዓለም ፊት ሊሸለም እንደሚችል በዚያ ቀን ታየ።

ታዲያ ጽሑፉን ከመላኩ በፊት የሐዋሳው ወጣት ምን ያድርግ? ካፒታል ከሌለን ቀይ ነበረን፤ ቀይ ደግሞ በማባዣ ከጠፋ ዛሬ ወፍራም ፊደል አለ። መቼቱና ስሙ ብቻ ይወፍሩ፤ ሌላ ምንም አይወፍር። ድርጊቱ ከቅንፍ ወጥቶ በሙሉ ኅዳግ ይቀመጥ። እንዲህ፦

ትዕይንት 7

ውስጥ። ባህል አዳራሽ፣ ሐዋሳ። ምሽት።

ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ መድረኩ ላይ ወጥታለች። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ቁልፍ ያንቃጭላል።

ዘበኛው
እትዬ፣ ልቆልፍ ነው።

ሠራተኛዋ
ጥቂት ታገሠኝ፣ ልጄ።

እዚህ ገጽ ላይ «ያለፈ ሕይወቷን እያስታወሰች» የሚል የለም፤ ካሜራ ትዝታን አያይምና። የካሜራው ርቀትም አልተጻፈም፤ እርሱ የሌላ ሰው እንጀራ ነው። ሽፋኑ ላይ ርእስ፣ የደራሲው ስም፣ አድራሻ፣ ስንተኛ ረቂቅ እንደሆነ። ሥዕል አያስፈልግም፤ ምስጋናም እንዲሁ። ገጾቹ ይቆጠሩ፤ ክምሩ ከጠረጴዛ ቢወድቅ ገምጋሚው ለማሰባሰብ አይድከም። ሲላክ ደግሞ ፊደሉ በማንም ኮምፒዩተር እንዳይለወጥ በፒዲኤፍ ይሁን። ርዝመቱን በገጽ ከመቁጠር፣ ሰዓት ይዞ፣ ድርጊቱን በዝምታ፣ ንግግሩን በድምፅ ማንበብ ይሻላል፤ የሚገኘውንም ደቂቃ በሽፋኑ ላይ መጻፍ።

እስካሁን ያልተስማማንበት የመቼቱ መስመር ነው። አንዱ «ውስጥ/ውጭ» ይላል፤ ሌላው «የቤት ውስጥ/ከቤት ውጭ» (ለጫካ እንኳ ሳይቀር)፤ ሦስተኛው የእንግሊዝኛውን ምሕፃረ ቃል እንዳለ «ኢንት.» ብሎ ይተወዋል፤ አራተኛው «መቼት፦» ብሎ ጀምሮ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። ሦስት ተከታታይ ትዕይንት በሦስት ዓይነት የጀመረ ጽሑፍም ገጥሞኛል። መጽሐፈ ቅዳሴው ይህን በሁለት ሆሄ ጨርሶት ነበር።